ባለሀብቱ ያልገዛው አግዳሚ

ኳስ ወድጄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ካምፓላ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀኝ በኳስ ቤት ስለሆነ ነው። ንቲንዳ ውስጥ፣ ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ፣ ቦዳዎች፣ የሞተር ታክሲ ነጂዎቹ፣ ሞተራቸውን አቁመው ሰው በሚጠብቁበት ጥግ የነበረው ቤት የኔ ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የእናቴን ስም ይዞ ነበር። እናቴ ስሟ ተጽፎ ያየችው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንበብ አትችልም ነበር። ስለዚህ በሰው አገር፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል፣ ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ አድርጌ አጻፍኩላት። ከሰሌዳው ሥር፣ ከበሩ በስተግራ፣ የኔ ወንበር ነበረች። የሚገባውን ሁሉ «ግቡ» የምለው፣ የሚወጣውን ሁሉ ፊቱን የማየው እሷ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሰሌዳውና ከወንበሯ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የኔ ነው ብዬ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ቤቱ ሲከፈት ምግብ ቤት ብቻ ነበር። ለእኛ ሰዎች ሽሮና ጥብስ፣ ለዩጋንዳዎቹ ማቶኬ፣ የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዛቸው። ቅዳሜ ሲሆን ግን ወንዶቹ በልተው ብድግ ይላሉ። ወዴት ስል፣ ኳስ ወደሚታይበት። አንድ ቀን አየር መንገድ የሚሠራ ደንበኛዬ «እትዬ፣ ወጥዎ ግሩም ነው፤ ግን ወጥ ጎል አያገባም» አለኝ። ስክሪን ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴ የሚነሳ ሰው ጠፋ።

የጎደለኝ መቀመጫ ነበር። እዚህ ላይ ስለ እድራችን መናገር አለብኝ። እዚህ ያለነው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደለንም። በስደት የመጣ አለ፣ በድርጅት ሥራ የመጣ አለ። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ። ፖለቲካ ሲነሳ አንድ ጠረጴዛ አይበቃንም። እድራችን ግን አንድ ነው፤ በሰው አገር መሞት ሁላችንንም እኩል ያስፈራናላ። የእድሩ ዕቃ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ድንኳኑ፣ ትልልቆቹ ድስቶችና አግዳሚ ወንበሮቹ እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ። አግዳሚዎቹ ለማንሳት ሰው የሚፈልጉ ከባድ እንጨቶች ናቸው። ከሥራቸው፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በሰማያዊ ቀለም የእድሩ ምልክት ክብ ተደርጎባቸዋል። ሰው ሲሞት ተጭነው ይሄዳሉ፤ ለቅሶው ሲነሳ ይመለሳሉ። የእድሩ ዳኛ፣ ሐረር ሲያስተምሩ ኖረው እዚህ ያረጁ ሰው ናቸው፤ «ምስጥ ከሚበላቸው ሰው ይቀመጥባቸው» ብለው ፈቀዱልኝ። እናም ወንዶቹ የለቅሶ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ኳስ ማየት ጀመሩ። ቡድናቸው ሲሸነፍ «ወንበሩ ነው» ይላሉ።

ቡድናቸው ቀዮቹ ነበሩ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እንግሊዝ አገር ቀይ የሚለብስ ብዙ ነው፣ አንባቢ የራሱን ያስብ።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። የሱንም ስም አልጠራም። ለክብሩ ብዬ አይደለም፤ አፌ እንዳይለምደው ነው።

በናይሮቢ በኩል ሲመጣ ከአንዲት የፕላስቲክ ከረጢት ሌላ የያዘው አልነበረም። ማደሪያ ሰጠሁት። ሁለት አግዳሚ ገጥሜ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌለት፣ ሥራ እስኪያገኝ እዚያው ተኛ። እነዚያን እንጨቶች በጀርባው ያውቃቸዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ «እትዬ» ነበር የሚለኝ። «እትዬ፣ ይህን ውለታ...» ይልና አይጨርሰውም። እኔ ልቡ ተነክቶ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥንቃቄ ነው።

ሥራ ያገኘው ፖርት ቤል፣ የሐይቁ ወደብ ላይ ነው። መጀመሪያ በጀልባ የሚመጣውን ጭነት ይቆጣጠር ነበር፤ ቆይቶ ጭነቱ የራሱ ሆነ፣ ቆይቶ ጀልባው። ናጉሩ ኮረብታ ላይ፣ ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ዙሪያውን የታጠረ ቤት ሠራ። እኔም «ያሳደርኩት ልጅ» እያልኩ ለሰው አወራሁለት። መኪናውን ደጄ ላይ ሲያቆም ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቀዮቹን አንድ ባለሀብት ገዛቸው። በቤቴ የሆነው ሠርግ ነው። ወንዶቹ ፍየል ገዝተው መጡ።

«ለመሆኑ ማን ነው የገዛን?» አለ አንዱ።

«የራሱ አውሮፕላን ያለው ሰው ነው።»

«አውሮፕላኑ መሀል ሜዳ ይጫወታል?» ያለው ኮንትራት ታክሲ የሚነዳው ደንበኛዬ ነበር። የዚህ ሰው ምላስ የመኪናው ጎማ ይመስል የማይረግጠው የለም።

አዲሱ ባለቤት በስክሪኑ ብቅ ብሎ ተናገረ። ባለታክሲው ተረጎመልን፦ ምንም የሚቀየር ነገር የለም፣ የክለቡን ታሪክ እናከብራለን፣ ደጋፊው ቤተሰባችን ነው። ሉዚራ ጋራዥ የነበራቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ፤ ካምፓላ ሁላችንንም ቀድመው የገቡ፣ ሁልጊዜ ከፊት ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ። «ታሪክ የሚያከብር ሰው እንዲህ አያወራም» አሉ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ፍየሉን አይብሉ» አላቸው ባለታክሲው።

«ፍየሉ ምን አደረገ» አሉና ሳህናቸውን ሰጡት።

የናጉሩው ሰው በዚያ ቀን አልሳቀም። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ኳሷን ሲከተል እሱ የሚጠብቀው ካሜራው ባለቤቱ ወደተቀመጠበት የክብር ቦታ እስኪዞር ነበር። ሲዞር ወደፊት ያዘነብላል። «አቀማመጡን እዩት» አለ። አቀማመጥ ሲያጠና የዋለ ሰው አንድ ቀን ወንበር እንደሚፈልግ ልብ አላልኩም።

ከዚያ የቤቱ አከራይ ቦታውን ልሸጥ ነው አለኝ። ዩጋንዳዊ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ድርሻቸውን ጠየቁት። እኔ መግዛት አልችልም። የናጉሩው ሰው በማግስቱ መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎን ማንም አያስወጣዎትም» አለኝ። «ቦታውን እኔ እገዛለሁ። ቤቱን እርስዎ ይይዛሉ። ሸሪክ እንሆናለን። የሚቀየር ነገር የለም።»

«ሰሌዳውስ?»

«የእናትዎ ስም አይነካም።»

«ወንበሬስ?»

ሳቀ። «እሷን ደግሞ ማን ይደፍራል።»

በስክሪኑ የሰማሁትን ቃል ነበር የደገመልኝ። ግን ሰው የሚያውቀውን ድምፅ ያምናል።

ከተማ ጠበቃው ቢሮ ሄድን። ጠበቃው ውሉን እያነበበ ቤቱ ከነስክሪኑ፣ ከነማብሰያው፣ ከነመቀመጫው ሲል አፌን ከፈትኩ። መቀመጫው የኔ አይደለም ልል ነበር። ጠበቃው ጣቱን አነሳ። «ማዳም፣ ልጨርስ» አለ። የናጉሩው ሰው ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «ለርስዎ ጥቅም ነው እትዬ፣ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ዝም ይበሉ» አለኝ። ዝም ብዬ ፈረምኩ። ዝም በይ የተባለች ሴት ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም።

ለጥቂት ጊዜ እንዳለው ሆነ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች አብረውት ገቡ፤ አንዱ ስክሪን በስክሪን አደረገው፣ ሌላው ጣሪያውን ለወጠ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ውሃ እንደሚጨመርበት ወጥ፣ ሰው በገባ ቁጥር የኔ ድርሻ እየቀጠነ ሄደ። ስጠይቅ «የአሠራር ጉዳይ ነው፣ ማዘር» ይለኛል። እትዬ ቀርታ ማዘር ሆኜ ነበር። አግዳሚዎቹን የጎበኘ አንድ ዲዛይነር «ባህላዊ ናቸው፣ ይቆዩ» ብሎት ቫርኒሽ አስቀባቸው፤ ጥቁር የቆዳ ትራስ ሰፍቶ አለበሳቸው። ከሥራቸው ያለውን ማንም አላየም። በሩ ላይ አስካሪ የሚሉትን ዘበኛ አቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የአባልነት ካርድ የሌለው አይገባም። አዛውንቱ መካኒክ በነጠላ ጫማ መጥተው ተመለሱ። ደጅ ሆነው በመስኮት ያዩኝ ነበር። አልተጣሩም፤ እጃቸውን አንስተው ሰላም ብለውኝ ሄዱ።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገርም ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። ባለሀብቱ ዋጋ ጨመረ፤ የድሮ ደጋፊዎችን ከቦታቸው እያስነሳ ለሀብታም እንግዶች ምቹ ወንበር አስገባ። አንድ ቀን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንዲት አሮጊት በስክሪኑ ቀረቡ። ቀይ ሹራብ ለብሰዋል፣ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቷል። ከወጥ ቤት በር ላይ ሆኜ አየኋቸው።

«ምን ይላሉ?» አልኩት ባለታክሲውን፤ እሱ ካርድ ካወጡት ጥቂት የድሮ ደንበኞች አንዱ ነበር።

«ከባላቸው ጋር የሚቀመጡበት ወንበር ነበር። ባል ሲሞት የሱን ቦታ በሻርፑ ይዘው ብቻቸውን ያዩ ነበር። አሁን ሁለቱንም ወሰዱባቸው።»

«አለቀሱ?»

«አላለቀሱም። ‹እግዜር ያሳያቸው› ዓይነት ነገር ነው ያሉት፤ ትንሽ ስድብም አለበት።»

በሕይወቴ እንግሊዛዊት ወድጄ አላውቅም ነበር። እኚያን ሴት ወደድኳቸው።

በዚያ ጨዋታ መሀል የሆነውን እስካሁን አልረሳሁም። ደጋፊው ተነጋግሮ ኖሮ፣ ኳሱ ገና እየተንከባለለ ሰው ከየቦታው መነሳት ጀመረ። አባት ልጁን ይዞ፣ ሽማግሌ ምርኩዙን ይዞ፣ ሳይጮሁ ወጡ። ቀዩ ሁሉ ተገፎ ከሥሩ ባዶ ፕላስቲክ ወንበር ታየ። ካሜራው ወደ ባለቤቱ ዞረ። ያ አቀማመጡ የተደነቀለት ባለሀብት እግሩን አንዴ ሲያነባብር አንዴ ሲፈታ ተመለከትኩት። እኛ ቤት ያለው ባለቤትም አይቷል፤ «ውለታ ቢሶች» አለ። እኔ ግን ባዶ ወንበር ሀብታምን ምን እንደሚያደርገው ተማርኩ፤ ያን ትምህርት ከሽንኩርቱ ጋር ወጥ ቤት ይዤው ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስመጣ ወንበሬ የለችም። በቦታዋ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ቀና ስል ሰሌዳውም የለም፤ የሱ ስም በመብራት ተጽፏል። እሱ ውስጥ ነበር።

«ማዳም፣ አሁን እርስዎ የሚያርፉበት ጊዜ ነው» አለኝ። ማዘርም ቀርታ ማዳም ሆንኩ። «በየወሩ የሚላክልዎት ይኖራል።»

«የእናቴ ሰሌዳ የት ነው?»

«ሠራተኞቹ አንስተውታል መሰለኝ።»

በጓሮ በር ወጣሁ። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበት ቦይ ነበር፤ ክዳኑ ከተሰበረ ቆይቷል። ሰሌዳውን ገልብጠው ደፍተውበት ሰው ይረግጠዋል። ባልዲ የያዘች ሠራተኛ በላዩ ስታልፍ እንጨቱ ተንቋቋ። አላነሳሁትም። ካነሳሁት እንደ ለማኝ ተሸክሜው የምሄድ መሰለኝ። እዚያው ተውኩት፤ ግን የረገጡትን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ።

ሉዚራ፣ ከፖርት ቤል መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ድንኳኑና ድስቶቹ አብረውኝ መጡ። ዳኛው ሊጠይቁኝ መጥተው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«አግዳሚዎቹን ለምን አላወጣሽም?»

«ይቆዩ።»

«አንቺ፣ ይቆዩ የምትዪው ለምንድን ነው?»

«ትራስ ተሰፍቶላቸዋል፤ ተመችቷቸዋል።»

«ሰው ቢሞትስ?» አሉኝ።

«ሲሞት እናመጣቸዋለን። ሕጉ እንደሱ አይደል?»

በዓይናቸው መዘኑኝ። ማንም እንዲሞት አልጸለይኩም። ጠበቅሁ እንጂ።

የናጉሩው ሰው በበኩሉ ሌላ ነገር እየጠበቀ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ በታችኛው ሊግ ያለች ስሟ ያልተሰማ ትንሽ ክለብ ለሽያጭ ቀርባ፣ ናይሮቢ ያለ አንድ ነጋዴ ገዢዎች ያሰባስብ ነበር። እሱም ካልገባሁ አለ። ለሰው ሁሉ አውርቶት እኔ ጋ እንደደረሰው፣ የፈለገው ትርፉን አይደለም፤ በስክሪን ያየውን የክብር ወንበር ነው። ነጋዴው ደግሞ ሁለት እንግሊዞች ይዞ ካምፓላ ሊመጣ ነው፤ እዚህ ያለውን የኳስ ፍቅር፣ የዚህን ሰውዬ «ሕዝብ» ሊያዩ። ለሚመጡበት ቅዳሜ ቤቱ መሙላት ነበረበት። ካርድ ያላቸው ሰዎች ቢራቸውን ይዘው ስልካቸውን የሚያዩ ናቸው፤ አይዘፍኑም። ስለዚህ ባለታክሲውን ጠርቶ «ዛሬ ካርድ የለም፣ የድሮዎቹን ሁሉ አምጣቸው፣ ምግቡ በኔ ነው» አለው። የድሮዎቹም ሄዱ። ምን ላድርግ፣ ቀዮቹ ይጫወታሉ።

አዛውንቱ መካኒክ አልሄዱም። ደክመው ተኝተው ነበር፤ በዚያው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ እቤታቸው አረፉ። ልጃቸው ለዳኛው ደወለች፤ ዳኛው ፒክአፕ ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ድንኳኑንና ድስቱን ጫንን።

«አግዳሚው ንቲንዳ ነው» አሉኝ።

«አዎ።»

«ዛሬ እንግዶች እንዳሉበት ሰምቻለሁ። ልጅቷ ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የፕላስቲክ ወንበር መዋስ እንችላለን ብላለች። ጨዋታው እስኪያልቅ ብንታገስስ?»

«እኚህን ሰው በነጠላ ጫማቸው ከዚያ በር መልሷቸዋል» አልኩ። «አሁን ደግሞ ሬሳቸው ኳስ እስኪያልቅ ይጠብቅ?»

ዳኛው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ያዘንሽው ለሳቸው ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ» አሉና መኪናውን አስነሱ።

ኳስ ቤት ላሉት ሰዎች በስልክ እንዳይነገር ያልኩት እኔ ነኝ። መርዶ በአፍ ነው የሚነገረው፤ ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም።

አስካሪው በሩ ላይ አየኝ። ወጥ ሰጥቼው የማውቅ ልጅ ነው፤ «ማማ» ብሎ መንገድ ለቀቀ። ቤቱ ጢም ብሏል። የሚዘፍነው ሌላ፣ ከበሮ የሚመታው ሌላ። ከፊት፣ ትራስ በለበሱት አግዳሚዎች ላይ፣ ነጋዴውና ሁለቱ እንግሊዞች፤ በመሀላቸው እሱ፣ ክንዱን በትራሱ ላይ ዘርግቶ፣ እግሩን አነባብሮ። አቀማመጡ ገብቶት ነበር። መቀበል አለብኝ፣ ተሳክቶለታል።

ዳኛው ስክሪኑ ፊት ሄደው ቆሙ። ሰው «ጋሼ፣ ይጋርዳሉ» ማለት ጀመረና ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

«የሉዚራው ወንድማችን ዛሬ አርፈዋል» አሉ። «አግዳሚውን ለመውሰድ ነው የመጣነው።»

ባለታክሲው የመጀመሪያው ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። ከዚያ ከኋላ፣ ከዚያ ከጎን። ከበሮው መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀይ ሹራብ የለበሰ ሁሉ ቆመ፤ ያን የእንግሊዙን ቀን በቤቴ ያየሁት መሰለኝ፤ እነዚያ ግን ባዶ እጃቸውን ነበር የወጡት።

እሱ ወደኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«ማዳም፣ አሁን አይሆንም። ጨዋታው ይለቅ፣ እኔ ራሴ በመኪና አስጭናለሁ።»

«ሰውዬው ሞቶ ጨርሷል» አልኩት። «እሱ ጭማሪ ሰዓት የለውም።»

«ወንበሮቹ የኔ ናቸው። ፈርመው የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ገልብጡት» አልኩ።

ባለታክሲው ነጋዴውን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ፦ ጌቶቼ ትንሽ ብድግ ቢሉልን፣ ለቅሶ ነው። ተነሱ። ትራሱን አንስተው መሬት ላይ ጣሉት፤ አግዳሚውን ገለበጡት። ሰማያዊው ክብ ቫርኒሽ ሳይነካው፣ እንደተቀባ ነው ያለው። ቀጣዩንም ገለበጡ። ቤቱ ውስጥ የእድር አባል ያልሆነ ሐበሻ የለም፤ ከሱ በቀር። ናጉሩ ላይ ቤት ከሠራ በኋላ «እኔ ጊዜ የለኝም» ብሎ እድሩን ትቷል።

«ይህን በጀርባህ ታውቀው ነበር» አልኩት።

«ፖሊስ እጠራለሁ» አለ። «ጎረቤቶቼ ናቸው።»

«ጥራቸው ልጄ» አሉት ዳኛው። «ቢመጡ ጥሩ ነው፣ እንጨቱ ከባድ ነው።»

አንደኛው እንግሊዝ ምን እየሆነ እንዳለ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ኮቱን አውልቆ የአንዱን አግዳሚ ጫፍ ያዘና ከኛ ሰዎች ጋር አነሳ። ነጋዴው በስዋሂሊ አስካሪውን የማን ዕቃ ነው ብሎ ጠየቀው። አስካሪውም የሞቱ ሰዎች ነው አለው። ነጋዴው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ውጭ ወጣ። አግዳሚዎቹ አንድ በአንድ በበሩ አለፉ። ቦዳዎቹ መኪናውን አቆሙልን። ከኋላችን በስክሪኑ ጩኸት ተነሳ፤ ቀዮቹ አገቡ መሰለኝ። ዘወር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ትራሶቹ መሬት ላይ፣ እሱ በመሀላቸው ቆሟል፤ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጥበት ነገር አልነበረም።

ነጋዴው ክለቧን ከሌሎች ጋር ገዛ፤ እሱን አላስገባውም። የኛ ሰዎች ወደዚያ ቤት አልተመለሱም፤ ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ ባለካርዶቹንም አይይዝም። ዛሬ ስፖርት መሥሪያ ሆኗል፤ ሰዎች መስተዋት ፊት ብረት ያነሳሉ። ቀዮቹ እስካሁን የዚያው ባለሀብት ናቸው። እሳቸው፣ እንግሊዛዊቷ፣ ቦታቸውን ያግኙ አያግኙ አላውቅም።

ይህ ሁሉ የሆነው ኋላ ነው። በማግስቱ እሁድ ለቅሶው ሉዚራ ድንኳን ውስጥ ነበር። የወደቡ ነፋስ ሸራውን ይመታል። እኔ መግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ድሮ ወንበሬ ላይ እንደምቀመጠው። አጠገቤ ቦታ ነበር። አግዳሚ ማለት እንደዚህ ነው፤ ጠጋ ካሉ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይበቃዋል። በለቅሶ ቤት ጠጋ በሉ የተባለ ሰው ጠላቱም ቢሆን ጠጋ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ኢትዮጵያ አልወለደችም።

መጣ። ለቅሶ ካልመጣ ካምፓላ ውስጥ ሰው እንደማይቀረው ያውቃል። ጥቁር ለብሷል፤ በብብቱ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ይዟል። ዳኛው ምን ብለው እንደመከሩት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ለሟች ልጅ አንገቱን ደፋ፣ ለሽማግሌዎቹ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣና የያዘውን እግሬ ሥር አቆመው። የእናቴ ሰሌዳ ነበር። ታጥቧል። የመጨረሻው ፊደል ላይ ተሰንጥቋል፤ ቀዩ ቀለም ቦዩ በነካው በኩል ሄዷል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አለ።

እትዬ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደኛ ዞሯል።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት። የሚባለው ይኸው ነው፤ አልኩ።

«ጠጋ ይበሉልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን አነሳሁ። አቧራ እንኳ አልነበረውም፤ ቢሆንም በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ከዚያ ስሙን ወደ ሰው አዙሬ፣ አጠገቤ ባለው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። አግዳሚው ሞላ።

ዳኛው ከማዶ አዩኝ፤ ከዚያ ጸሎቱን ጀመሩ። እሱ ጸሎቱ እስኪያልቅ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። እኔ እጄን ሰሌዳው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ነፋሱ እንዳይጥለው።